የጫንጮ ድርቆና የአንድ ቀን ጫጩት

በጥቅምት አጋማሽ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደ መንገደኛ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳር ላይ ነው። ገሚሱ ገና ሳይታጨድ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ገሚሱ ታጭዶ በየመስኩ ተከምሯል፤ የቀረው ደግሞ አይሱዙ ላይ ተቆልሎና በገመድ ተጠፍሮ፣ መኪናው ከሥሩ እስኪሰወር ድረስ ተጭኖ ወደ ከተማ የወተት ላሞች ይሄዳል። መንገዱ የጎጃም መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድበት ጫንጮ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ደርባ የሚገነጠለው መንገድ የሲሚንቶ መኪና ሲያመላልስ ይውላል፤ የአካባቢው ስም የወጣው ግን በወተቱና በድርቆው ነው።

ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ማለዳ ሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየውን ጤዛ ነው ብሎ የሚያልፈው እንግዳ ብቻ ነው፤ የአገሩ ሰው ውርጭ መሆኑን ያውቃል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ጫንጮ ሳያድር አልቀረም።

በዚህ ብርድ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ክብደቷን ማሰብ ይበቃል። አርባ ግራም ገደማ ነው። ላባ ገና አላበቀለችም፤ የለበሰችው ለስላሳ ጠጉር ብርድ አይመክትላትም፤ ገላዋም የራሱን ሙቀት መቆጣጠር አልጀመረም። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዋ ጋ ያለው አየር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። የጫንጮ የኅዳር ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። በመካከል የጎደለውን ሠላሳ ዲግሪ መሙላት የአሳዳጊው ሥራ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየቀነሰ፣ በስድስተኛው ሳምንት ሃያ አካባቢ ሲደርስ ላባዋ ይረከበዋል።

ጀማሪ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ምን ላብላቸው?» ይላል። መኖ ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ በስልክ የሚመጣው ምክርም ስለ መኖ ያወራለታል። መኖ ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ግን በደጋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጫጩት የሚጨርሰው በአብዛኛው ብርድ ነው። የተራበች የምትመስለውም ብዙ ጊዜ የበረዳት ናት፤ የበረዳት ጫጩት ከሙቀቱ ተለይታ ወደ መኖው አትሄድም።

የዶሮ ነገር ሲነሳ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ቢሾፍቱ ናት። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው፤ ለአገሪቱ የዶሮ ክትባት የሚያመርተው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያ ነው፤ እነ ኤልፎራና ዓለማን የመሳሰሉ ስማቸው የታወቀ የዶሮ እርባታዎችም ሥር የሰደዱት እዚያው ነው። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ ለዶሮ ይስማማል። ከመቀሌ ተነስቶ የተስፋፋው ኢትዮ ቺክን ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌላ ሰንሰለት ዘረጋ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪል ይሸጣል፤ ወኪሉ አንድ ወር ተኩል ያህል ያሳድግና አስከትቦ ለገበሬው ይሸጣል። ዛሬ በየገበያው «የ45 ቀን» የሚባለው ጫጩት ከዚህ አሠራር ጋር የተለመደ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ሲመጣ ደግሞ ጫጩት ይዞ የማያውቅ ቤት ሁሉ ጫጩት ማሳደግ አማረው።

ስለዚህ ጀማሪው ሁለት በር አለው። አንደኛው የ45 ቀኑን መግዛት ነው። ዋጋው ከአንድ ቀኑ በብዙ የሚበልጠው ሌላ ሰው እንቅልፍ ያጣበትን ሌሊት ስለሚያስከፍል ነው፤ አምስትና ስድስት ዶሮ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ እኔ ይህን እመርጥለታለሁ። ሁለተኛው የአንድ ቀኗን ገዝቶ እንቅልፉን ራስ ማጣት ነው። ትርፉ ያለው እዚህ ነው፤ ኪሳራውም እንዲሁ።

በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ በር ላይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ተቀምጧል። መቶ ጫጩት ይይዛል፤ ውስጡ በአራት ተከፍሎ በየክፍሉ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ይንጫጫሉ። ጋቢ የደረቡ አንዲት እናት ክዳኑን ገለጥ አድርገው ያያሉ። ሻጩ ወጣት ነው።

«አዴ፣ ዓይናቸውን አይዩ፤ መጀመሪያ እግራቸውን ይንኩ። እግሯ ከቀዘቀዘ ውስጧም ቀዝቅዟል።»

ሴትየዋ አንዷን አንስተው እግሯን ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ገልብጠው እምብርቷን አዩ፤ ተዘግቷል፣ ደርቋል። ፊንጢጣዋ ላይ የተጣበቀ ኩስ የለም። መዳፋቸው ላይ በጀርባዋ አስተኟት፤ ወዲያው ተገላብጣ ቆመች።

«መቼ ነው የተፈለፈሉት?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ራበን እያሉ አይደል እንዴ የሚጮሁት ልጄ?»

«የእንቁላሉን አስኳል ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚወጡት አዴ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ያቆያቸዋል። ስንት ልስጥዎ?»

«ሃምሳ።»

«መብራት አለዎት?»

«አለ። ሲኖር።»

ልጁ ስለ አስኳሉ የተናገረው ልክ ነው፤ ጫጩት ሳትበላ ከቢሾፍቱ ጫንጮ፣ ከዚያም አልፋ መጓዝ የምትችለው በዚሁ ስንቅ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ቀን የሚቆጠረው ገዢው ካርቶኑን ከተረከበበት ሰዓት ሳይሆን ከተፈለፈለችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ሴትየዋ «መቼ ተፈለፈሉ» ማለታቸው ከዋጋው ክርክር ሁሉ ይበልጣል።

«አለ፤ ሲኖር» ያሉት ደግሞ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት ነው። በየማኑዋሉ የተጻፈው ማሞቂያ አምፖል ነው። የድሮው ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ጥሩ ይሞቃል፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሞላው ኃይል ቆጣቢውና ኤልኢዲው ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም። ጀማሪዎች ይህን ሳያውቁ ደማቅ ነጭ አምፖል ሰቅለው ተኝተው ያድራሉ፤ ጫጩቶቹም በደማቅ ብርሃን ውስጥ ይቀዘቅዛሉ። መብራት ሲጠፋ ወደ ከሰል ይኬዳል። ከሰል ያሞቃል፤ ሆኖም ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ማንደጃ ጫጩቱንም እዚያው የተኛውን ሰውም ይገድላል። ጫጩቶቹን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት በደጋ ከተሞች የተለመደ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የማነሳው፦ ከሰል ካለ መስኮት ይከፈታል፤ ሰው አይተኛበትም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የሚገርመው ጫንጮን የመሰለ የድርቆ አገር ገና በቅጡ ያልተጠቀመበት መሆኑ ነው። የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ የሳር ሳጥን ጫጩት ማሳደጊያ ለገጠር ቤተሰብ የሚስማማ መሆኑን በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አቅርበዋል። ባለሙያዎቹ ሃይቦክስ ይሉታል። መብራትም ከሰልም አይፈልግም። ሁለት ሳጥን አንዱ በአንዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ድርቆ ይጠቀጠቅበታል፤ ከላይ ጆንያ ውስጥ በተሞላ ድርቆ ይሸፈናል። ጫጩቶቹን የሚያሞቃቸው የገዛ ገላቸው ነው፤ የሳሩ ሥራ ያን ሙቀት አላስወጣም ማለት ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት ትንሽ ግቢ ይቀጠልለታል፤ ቀን እዚያ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ይለቅማሉ፣ ሲበርዳቸው ይገባሉ።

ሳጥኑ ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። ሃምሳ ጫጩት ተቃቅፎ በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ አሥር ብቻ ቢገቡ ሳሩ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ የውስጠኛው ክፍል እንደ ቁጥራቸው መጥበብ አለበት፤ እያደጉ ሲሄዱ ነው የሚሰፋው። ጫንጮን በመሰለ ብርድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጀሪካን ሙሉ የፈላ ውሃ በጆንያ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። የአየር ቀዳዳም አይረሳ፤ በእስትንፋሳቸው የሚረጥብ ሳጥን ሞቆ እንኳ ያሳምማል።

ድርቆውም ድርቆ ነው ብሎ የሚወሰድ አይደለም። ታጭዶ ሳይሰበሰብ ዝናብ የመታው ሳር ለላም ቢሰጥ ላሟ ትጠየፈዋለች፤ ለጫጩት ሳጥን ግን ይህ ሳይታይ ይገባል። እፍኝ አንስቶ ማሽተት ነው። የሻገተ ሳር ሽታው አፍንጫ ይነካል፣ ሲያራግፉት ግራጫ ብናኝ ይወጣዋል፤ ያ ብናኝ ጫጩቷ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል። አፏን ከፍታ እያለከለከች የምትሞት ጫጩት ሁልጊዜ ሞቋት አይደለም። ደህናው ድርቆ አረንጓዴነቱን ጨርሶ አልለቀቀም፤ ሲጨመቅ ይንኮሻኮሻል፤ ሽታው ለራበው ከብት እንጀራ ነው።

ቴርሞሜትር ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከጫጩቶቹ የበለጠ ቴርሞሜትር ግን የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። በየቦታው ተበትነው፣ አንዳንዶቹ እግራቸውን ዘርግተው ከተኙ፣ ከመካከላቸውም ዝቅ ያለ የረካ ድምፅ ከተሰማ ተስማምቷቸዋል። ከሙቀቱ ሸሽተው ክንፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ በዝቶባቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተጣበቁ ከሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው፤ ቀዳዳውን በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ነው። ተሰብስበው አንዱ በአንዱ ላይ ከወጡና ጩኸታቸው ቀጭንና የማያቋርጥ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ይህን አይቶ መተኛት አይቻልም። ጠዋት ከሥር ተጨፍልቀው የሚገኙት ብርዱ ራሱ የገደላቸው አይደሉም፤ ብርድ የሸሹ ወንድሞቻቸው ላያቸው ላይ ወጥተው አፍነዋቸው ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያለው ሰው ማዕዘን የማይወደው፤ ማዕዘኑን በካርቶን አጥፎ ክብ ያደርገዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ መነሳት የግድ ነው፤ ብርዱ ከዚያ ወዲያ እስኪነጋ ድረስ እየበረታ ይሄዳል።

እናት ዶሮ ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር ትሠራዋለች። ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ክንፏን ዘርግታ ታሞቃለች። የሐበሻ ዶሮ ጉዳት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጫጩት ስትጠብቅ እንቁላል አትጥልም፤ ያም ሆኖ ከምትፈለፍለው ግማሽ ያህሉን ጭልፊት፣ ሸለምጥማጥ፣ ድመትና የፈንግል በሽታ ሁለት ወር ሳይሞላው ይወስድባታል። የሳር ሳጥኑ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፤ ጫጩቶቹን ሳጥኑ ከተረከባት ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። በተቃራኒው ደግሞ አቃፊ ዶሮ ያለው ሰው የገዛቸውን አሥር አሥራ ሁለት ጫጩቶች በጨለማ ከሥሯ ሸጉጦ ቢያድር ሲነጋ የራሷ ናቸው። ቀን ግን እንዳይሞከር፤ ትነቁራቸዋለች።

መኖው አያስቸግርም። የመጀመሪያው ቀን ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ ስኳር ጠብ አድርጎ ማጠጣት፣ የማትጠጣዋን አፏን ነከር ማድረግ፣ እንዳይሰምጡ ዝርግ ዕቃ ውስጥ ጠጠር ጣል ማድረግ፤ ከዚያ ወረቀት አንጥፎ የጫጩት መኖ መበተን። ፕሮቲኑ ሃያ በመቶ ገደማ መሆን አለበት። የተፈጨ በቆሎ ብቻ የሚቀርብላት ጫጩት ሆዷ ይሞላል እንጂ ላባዋ አይወጣም፤ በጫንጮ ላባ ያላወጣች ደግሞ ከሳጥኑ አትወጣም። ማታ አንገቷ ሥር ያለውን የጥሬ ከረጢት በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል፦ ሞልቶ ለስለስ ካለ በልታለች፣ ጠጥታለች። ለጉዝጓዝ ደቃቅ ሰጋቱራ አይሆንም፤ እህል መስሏት ትለቅመዋለች። የተከተፈ ገለባ ይሻላል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ጉዝጓዙ ከረጠበ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው አምፕሮሊየም ነው፤ ቅድመ መድኃኒቱ ደረቅ ጉዝጓዝ ነው።

ክትባት ግን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ማሬክስ የሚሰጠው መፈልፈያው ውስጥ ነው፤ መሰጠቱን መጠየቅ ነው። ለፈንግል ኤችቢ ዋን በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብ ይደረጋል፤ ጉምቦሮ ሁለት ጊዜ ይከተላል፤ ላሶታ ከዚያ በኋላ ፈንግልን ያጠናክራል። ቀኖቹን የሚወስነው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ችግሩ ጠርሙሱ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ተመርቶ፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይሞታል። ለሃምሳ ጫጩት ብሎ የሚከፍተው የለም። ስለዚህ ጫጩት የሚገዛ ሰው ጎረቤት ይዞ ቢገዛ ይበጀዋል፤ አራት አምስት ቤት በአንድ ሳምንት ከወሰደ ባለሙያው በአንድ ቀን ይዞራቸዋል፣ ብልቃጡም አይደፋም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል። ደግሞም የጫንጮ ብርድ ፍሪጅ አይደለም፤ ክትባት በበረዶ ዕቃ ይጓጓዛል።

ከፍታው ሌላም ነገር ይወስናል። በሰባት ሳምንት ለሥጋ የሚደርሰው ብሮይለር ለቢሾፍቱ እንጂ ለዚህ አይመከርም። ገላው ከልቡና ከሳንባው ቀድሞ ያድጋል፤ ኦክስጅን በሳሳበት ደጋ ልቡ ደሙን ለማድረስ ሲታገል ይደክምና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ብርዱ ደግሞ ያባብሰዋል። ያደገው፣ የወፈረው፣ ነገ የሚሸጠው ነው ድንገት በጀርባው ወድቆ የሚገኘው። መፈልፈያ ማሽን ገዝቼ ራሴ አስፈለፍላለሁ ለሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በዚህ ከፍታ ቅርፊቱ ውስጥ ታፍኖ የሚቀረው ጽንስ ይበዛል። ለጀማሪ ዕድገቱ ዘገም ያለ፣ ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆን ዝርያ ነው የሚሻለው፦ ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ፣ ወይም ከወለጋ ተወስዶ ደብረ ዘይት ላይ የተሻሻለው ሆሮ።  

የቀረው ቀን መቁጠር ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በመስከረም ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው አምሯል፣ አየሩ ለጫጩት ደህና ነው፤ ይገዛል። ቄቦቹ መጣል የሚጀምሩት በአምስት ወር ገደማ ነው። ከመስከረም አምስት ወር ሲቆጠር የካቲት ይመጣል፤ ዐቢይ ጾም የሚገባውም በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል የሚገዛ ሲጠፋ ዶሮዎቹ አይጾሙም፣ የመኖ ዋጋም አይጾምም። በኅዳር መጀመሪያ የተገዛችው ግን የመጀመሪያዋን እንቁላል በመጋቢት መጨረሻ ጥላ፣ መጣሏ የሚበረታው ጾሙ ሲፈታ ወይም ሊፈታ ሲል ነው። አውራዎቹም ቢሆኑ ለፋሲካ ገበያ አምስት ወር ሞልቷቸው፣ ወዛቸው ወጥቶ ይደርሳሉ።

ኅዳር ደግሞ ብርዱ የሚያይልበት ወር ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚሸሸው። ግን ድርቆው የሚታጨደውም በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ገና መኪና ሳይጭነው፣ ከመስኩ ላይ፣ በዓመቱ ርካሽ ዋጋው። ሳጥኑ በጥቅምት ይሠራል፣ ሳሩ ፀሐይ ላይ ተገላብጦ ይደርቃል፣ ጫጩቶቹ ሳይመጡ አንድ ሌሊት ባዶውን ይፈተናል፦ የሞቀው ጀሪካን ገብቶ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ቴርሞሜትሩ ውስጡ ተንጠልጥሎ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከ30 በታች ካነበበ ተጨማሪ ሳር መጠቅጠቅ፣ የውስጡንም ክፍል ማጥበብ ነው፤ ወኪሉ ጋ ደውሎ ትዕዛዙን በአንድ ሳምንት ማስተላለፍም ነውር የለውም።